በጀርባ ላይ የበቀለ ኖራ

(ለኩላሊት ሕሙማን፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለወጣት ሐኪሞች አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ይህን ብርጭቆ እዩልኝ። ውስጡ ውኃ ነው ያለው። አሁን አንድ ማንኪያ የደቀቀ ጠመኔ እጨምርበትና እንዲህ አድርጌ አማስለዋለሁ። ወተት መሰለ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እባካችሁ ማንም እንዳይነካው። ቆይተን እንመለስበታለን።

እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ራጅ፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ማንበብ ነው። ሕመምተኛውን ራሱን የማየው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰኝ ምስሉና ከምስሉ ጋር የተያያዘች አንዲት የማዘዣ ወረቀት ናት። ዛሬ ስለዚያች ወረቀትም እናገራለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ሰው እግሩን ሊያጣ የደረሰው ወረቀቷ ላይ መጻፍ የነበረበት አንድ ቃል ሳይጻፍ በመቅረቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ምስሉ ሲቀርብልኝ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ወንድ፣ 46 ዓመት፣ የጀርባ ሕመም» የሚል ብቻ ነበር። ምስሉን ከፈትኩት። በደረቱ ትክክል፣ ከአከርካሪው በስተቀኝና ወደ ኋላ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነገር ተቀምጧል። እንደ አጥንት ነጭ ነው፤ ግን አጥንት አይደለም። ልክ እንደ ወይን ዘለላ ትንንሽ ክብ ክብ ክፍሎች ተጠጋግተው የሠሩት ክምር ነው። ከፊሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ሕብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበትን ቦይ መግፋት ጀምሯል። እኔም «ያረጀ የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ይችላል፤ ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ይገናዘብ» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ምስል አለፍኩ።

በአገራችን ይህ ግምት ከመሬት ተነሥቶ የሚመጣ አይደለም። የአከርካሪ ነቀርሳ እኛ ዘንድ በየዕለቱ የምናየው በሽታ ነው። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ጀርባን አጉብጦ እግርን የሚያዝለውን በሽታ ከጻፈበት ጊዜ ጀምሮ በስሙ ይጠራል። ነቀርሳው አከርካሪው አጠገብ የሚያጠራቅመው መግል ሲቆይ ካልሲየም ይይዛል፤ በምስል ላይም ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ሐኪም አከርካሪ አጠገብ ነጭ ነገር ሲያይ አስቀድሞ ነቀርሳን ቢያስብ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት እዚያው ላይ ሲቆም ነው። እኔ እዚያው ላይ ቆምኩ።

ሰውየው የነቀርሳ መድኃኒት ተጀመረለት። ስድስት ወር ዋጠ። ሕመሙ አልቀነሰም። በሦስተኛው ወር እግሮቹ ይከብዱት ጀመር፤ በአምስተኛው ወር ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ከእግሩ ሲወልቅ አይታወቀውም ነበር። ከኋላው የምትሄደው ልጁ ናት ጫማውን እያነሣች የምትሰጠው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ በስድስተኛው ወር ለሁለተኛ ምስል ወንድሙ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ሲያመጣው።

ያን ቀን ከክፍሌ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ በትክክል አላስታውስም፤ ምናልባት የቀድሞውን ምስል ከአዲሱ ጋር ሳስተያይ እብጠቱ በእጥፍ ማደጉ አስደንግጦኝ ይሆናል። ሰውየውን ሰላም ልለው እጄን ስዘረጋ የግራ ክንዱን አየሁት። ከቆዳው ሥር እንደ ወፍራም ገመድ የተጠማዘዘ የደም ሥር ወጥቷል። ጣቴን ሳስጠጋበት ይርገበገባል። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ክንዳችሁ ላይ አለና።

«ስንት ጊዜ ነው የሚታጠቡት?» አልኩት።

«በሳምንት ሁለት ጊዜ፤ አምስት ዓመቴ ነው።»

አምስት ዓመት ሙሉ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ነው። የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «ዲያሊሲስ» የሚል ቃል አልነበረም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። በዚያው ቀን ደም ተወሰደ። የፎስፌት መጠኑ 8.9 ሆኖ መጣ፤ ጤናማው ከ2.5 እስከ 4.5 ነው። ካልሲየሙ 10.1 ነበር። ኩላሊትን የሚያክሙ ሐኪሞች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያባዟቸዋል፤ ብዜቱ ከ55 በታች እንዲሆን ሲመከር ኖሯል። የእርሱ 90 ገደማ ነው። ይህን ያህል ካልሲየምና ፎስፌት የተሸከመ ደም፣ ስኳር እንደበዛበት ሻይ ነው፤ ያልሟሟው አንድ ቦታ መዝቀጡ አይቀርም። የእርሱ አከርካሪው አጠገብ ዘቀጠ።

አሁን ብርጭቆውን ተመልከቱ። ከላይ ውኃው ጠርቷል፤ ጠመኔው ከታች ተኝቷል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሕመምተኛ በሲቲ ስካን ማሽን ውስጥ በጀርባው ሲተኛ፣ እብጠቱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ከረጢቶችም ልክ እንደዚህ ይሆናሉ። ፈሳሹ ከላይ፣ ካልሲየሙ ከታች፣ በመካከል ቀጥ ያለ መስመር። ይህን መስመር ያየ ሰው ከነቀርሳም ከካንሰርም ይልቅ ሌላ ነገር ማሰብ አለበት። በመጀመሪያው ምስል ላይ መስመሩ ነበር። ተመልሼ ሳየው ሁለት ከረጢቶች ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌላም የሳትኩት ነገር ነበር፤ ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፊት ነው፤ የአከርካሪውን አካል ይበላል፤ በሁለት አጥንቶች መካከል ያለውንም ዲስክ ያጠፋል። የዚህ ሰው አጥንትም ዲስክም ደኅና ነበሩ። ክምሩ የተጣበቀው ከኋላ፣ አንዱ አከርካሪ ከሌላው ጋር በሚገጥምበት ትንሽ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ወጣት ሐኪሞች፣ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ዲስኩ ደኅና ከሆነ ነቀርሳ ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ።

የበሽታው ስም ቲዩመራል ካልሲኖሲስ ይባላል። በአማርኛ ዕጢ መሰል የካልሲየም ክምችት ልንለው እንችላለን። ዕጢ መሰል ነው እንጂ ዕጢ አይደለም፤ ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጭ እየተባዙ የሚሠሩት ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዳሌ፣ ትከሻና ክርን አጠገብ ነው፤ አከርካሪ ላይ መውጣቱ ብርቅ ነው። ግን ክርን ላይ የወጣ እብጠት የሚጎዳው የሸሚዝ እጅጌን ነው፤ አከርካሪ ላይ የወጣ ግን ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲገፋ እግር ይወስዳል።

የታወቀው ዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ዱሬ እ.ኤ.አ. በ1899 በአንዲት የ17 ዓመት ልጅና በወንድሟ ላይ አይቶ ጽፎታል። ዛሬ የምንጠራበትን ስም ያወጣለት ግን የሃቫናው የአጥንት ሐኪም አልቤርቶ ኢንክላን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943። ከዚያ ወዲህ ከአፍሪካና ከአፍሪካ ዘር ካላቸው ሰዎች ብዙ ሪፖርት ወጥቷል። ስለዚህ ሩቅ አገር ያለ ብርቅ በሽታ አድርገን ልናየው አንችልም።

እህትና ወንድም ላይ መታየቱ ዘር እንዳለበት ገና ከጅምሩ ፍንጭ ሰጥቶ ነበር። መልሱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2004 በእስራኤል የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን የድሩዝና የአፍሪካ አሜሪካውያን ቤተሰቦችን መርምሮ አንድ የተበላሸ ዘረመል አገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው። አጥንታችን ኤፍጂኤፍ 23 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ወደ ኩላሊት የሚላክ መልእክተኛ ነው፤ መልእክቱም «ፎስፌት በዝቷል፣ በሽንት አስወጣው» የሚል ነው። መልእክተኛው በመንገድ ላይ እንዳይቆረጥ ላዩ ላይ ስኳር ይለጠፍለታል፤ ስኳሩ ጋሻው ነው። በ2004 የተገኘው ዘረመል ይህን ጋሻ የሚለጥፈው ነው። ጋሻው ከሌለ መልእክተኛው ሳይደርስ ይቆረጣል፤ ኩላሊት ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፎስፌቱን ሳያስወጣ ይቀራል። ቀጥሎም ሆርሞኑን ራሱን የሚሠራው ዘረመል፣ ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ኩላሊት ላይ ሆኖ መልእክተኛውን የሚቀበለው ክሎቶ የሚባል ፕሮቲን ሲበላሹ ተመሳሳይ በሽታ እንደሚያመጡ ታወቀ። የደም ፎስፌት ሳይጨምር የሚመጣም ዓይነት አለ፤ የእርሱ ዘረመል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ከየመን በመጡ አይሁድ ቤተሰቦች ላይ ነው።

እነዚህ ሁሉ በዘር የሚመጡ ናቸው። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነውን የሚመለከተን ግን ሌላው ነው፤ መልእክተኛው በደኅና ደርሶ ተቀባዩ ኩላሊት ሲደክም የሚመጣው። በእኛ አገር ቁጥሩ ሊጨምር የሚችለው ይኼኛው ነው ብዬ እፈራለሁ፤ ምክንያቱም እጥበት ላይ ሆነው ብዙ ዓመት የሚኖሩ ሰዎች እየበዙ ነው። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን እጥበት በዓለም ላይ የተለመደው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ሆኖ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ብዙዎቻችሁ ገንዘቡ ስለማይበቃ ሁለት ጊዜ ትታጠባላችሁ። ማሽኑ ፎስፌትን የሚያወጣው ቀስ ብሎ ነው። አንድ ቀን ሲጎድል የሚቀረው ፎስፌት ነው፤ የሚከማቸውም እርሱ ነው።

ሁሉም ነጭ ነገር አንድ አይደለም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ከሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን አጠገብ ወይም ከራስ ቅል ውስጥ የሚበቅል፣ ዕጢ የሚመስል ግን ካንሰር ያልሆነ የካልሲየም ጓል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ተገልጾ በ1990 ቤርቶኒና ባልደረቦቹ 14 ሕሙማንን ሰብስበው አስፋፍተው ጻፉበት። በኤምአርአይ ላይ በሁሉም ዓይነት ምስል ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ከወጣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። አንገት ላይ ደግሞ በሁለተኛዋ አንጓ ጥርስ መሰል አጥንት ዙሪያ እንደ ዘውድ የሚከማች ካልሲየም አለ፤ አረጋውያንን በድንገት አንገታቸውን አድርቆ ስለሚያተኩሳቸው ማጅራት ገትር ተብለው ይተኛሉ። አንድ የአንገት ሲቲ ስካን ነገሩን ይለየዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን እውነተኛው ካንሰር ነው። ከለስላሳ ሥጋ የሚነሡ አንዳንድ ካንሰሮች ካልሲየም ይይዛሉ። ስለዚህ ነጭ ሆኖ ከታየ ሁሉ ደግ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ፤ አጥንቱን እየበላ የሚያድግ፣ ደሙም ጤናማ ሆኖ የተገኘ ከሆነ ናሙና መወሰድ አለበት።

ናሙና ካልኩ አይቀር፣ ከሰውየው በመርፌ ሲወሰድ የወጣውን ልንገራችሁ። መርፌው ሲገባ እንደ አሸዋ ኩርፍ ኩርፍ የሚል ስሜት በእጄ ተሰማኝ። ስስበው የመጣው ደም አልነበረም፤ መግልም አልነበረም። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ የጥርስ ሳሙና የሚመስል ነገር ነው። ነርሷ «ኖራ ነው እኮ!» አለች። ልክ ነበረች። በብልቃጥ አድርገን አስቀመጥነው፤ በማግስቱ ጠዋት ስናየው ከላይ ጠርቶ ከታች ዘቅጧል። ላቦራቶሪው የነቀርሳ ባክቴሪያም የካንሰር ሕዋስም አላገኘበትም። በዚያ ዕለት የነቀርሳ መድኃኒቱ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ሕብለ ሰረሰሩን የሚጫነው ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣ። መገጣጠሚያው አብሮ ስለተነሣ አከርካሪው በብሎንና በዘንግ ታሰረ። ግን ቀዶ ሕክምናውን ብቻ አድርጎ ሰውየውን ወደ ቤቱ መላክ፣ የሚፈስ ጣራ ሥር ያለውን ውኃ ጠርጎ ጣራውን ትቶ እንደመሄድ ነበር። ፎስፌቱ ካልወረደ ክምችቱ ይመለሳል። ቤተሰቡ ተሰባስቦ ሦስተኛውን እጥበት ጨመረለት። ከምግብ ጋር የሚወሰደው ፎስፌት ያዥ መድኃኒቱ ተለወጠ፤ ቀድሞ ይወስደው የነበረው በካልሲየም የተሠራው ነበርና፣ ካልሲየም ለሞላበት ሰው ካልሲየም መጨመር ሆኖ ነበር። ቫይታሚን ዲውም ተቋረጠ። አንገት ላይ ያሉት አራቱ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከመጠን በላይ የሚሠሩ ከሆነ እነርሱንም ማውጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ለእርሱ አላስፈለገም። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ግን አዲስ ኩላሊት ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ እንዲህ ያለ ክምር በወራት ውስጥ ሟሙቶ የጠፋላቸው ሕሙማን በሕክምና መጽሔቶች ተጽፎላቸዋል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ተጀምሯል፤ ለጋሹ ግን ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚሰጥ ዘመድ የለውም።

ሰውየው ከአራት ወር በኋላ በከዘራ እየተራመደ መጣ። ጫማው ማሰሪያ ያለው ነበር። የቀኝ እግሩ ጣቶች ስሜት ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ስድስቱ ወራት ያስከፈሉት ያንን ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ዶክተር፣ አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም አልተናገርኩም፤ የጀርባ ሕመምና ኩላሊት ምን ያገናኛቸዋል ብዬ» አለኝ። አገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትላለች፤ እርሱ ግን አልደበቀም። የጠየቀው አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥያቄ ተቀበልኩ።

አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ እጥበት ላይ ነው፤ ፎስፌት አለው ብለው ሽሮ ከልክለውታል፤ ሌላ የሚበላው የለም፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

እናቴ፣ ለዚህ ጥያቄ የኩላሊት ሐኪሙና የምግብ ባለሙያው ከእኔ የተሻለ ይመልሱልዎታል። የማውቀውን ግን ልንገርዎት። በሽሮና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል መልክ የታሰረ ነው፤ የሰው አንጀት ፋይቴትን በደንብ አይፈታውም፤ ወደ ደም የሚገባው ከፊሉ ብቻ ነው። በፋብሪካ ምግብ ላይ የሚጨመረው ፎስፌት ግን ሁሉም ለማለት በሚቻል መጠን ይገባል። ኮላ መጠጦች ፎስፎሪክ አሲድ አለባቸው፤ የታሸገ ሥጋና በፋብሪካ ቀልጦ የተዘጋጀ አይብም የተጨመረ ፎስፌት አለባቸው። ልጅዎ ከሽሮው ጋር ኮላ የሚጠጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚነሣው ኮላው ነው። ሽሮውን በልክ አድርገው፣ መድኃኒቱን ከምግቡ ጋር እንዲውጥ ያድርጉ፤ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ የተዋጠ ፎስፌት ያዥ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ሌላው ጥያቄ ከኋላ ወንበር መጣ። ወጣት ሐኪም ነው። «እኛ ገጠር ሆስፒታል ሲቲ ስካን የለንም፤ ምን እናድርግ?» አለ።

ራጅ አለህ። ራጅ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተከማቸ ነጭ ነገር ይታያል፤ ትከሻና ዳሌ አጠገብም ፈልግ፤ አከርካሪ ላይ ያለበት ሰው ሌላም ቦታ ሊኖርበት ይችላል። ከዚያ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ካልሲየምና ፎስፌት ላክ። አንድ ብልቃጥ ደም ነው። ወደ እኛ ስትልከው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ጻፍልኝ፤ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ ኩላሊቱ እንዴት እንደሆነ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ እንዲህ ያለ እብጠት እንዳላቸው፣ እግሩ እንዴት እንደሆነ። እግሩ እየከበደው ከሆነ ወረቀት ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ደውል።

ሲጠናቀቅ ከአዳራሹ በር ላይ አንድ ጎልማሳ ጠበቀኝ። ጃኬቱን አውልቆ የቀኝ ክርኑን አሳየኝ። ከክርኑ ጀርባ ሎሚ የሚያህል፣ የማይታመም፣ ሲነኩት የሚደድር እብጠት አለ። ሁለት ወር ወጌሻ ጋር እየሄደ ሲታሽ ነው የከረመው። እጥበት ሦስት ዓመቱ ነው። ጀርባውን የሚያመው መሆኑን ጠየቅኩት፤ «አንገቴን» አለኝ። መታሸቱን እንዲተው ነገርኩት፤ የክርንና የአንገት ምስል፣ የካልሲየምና የፎስፌት ምርመራ ብዬ ጻፍኩለት። ከስሙ በታች «ዲያሊሲስ፣ 3 ዓመት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ሰጠሁት።